ሃይሉክሴ ላይ ያስገጠምኩት የአየርና የቤንዚን ጌጅ፦ ክረምትና በጋ ከተጠቀምኩበት በኋላ

ካርቡሬተር የቀየረ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ሞተሩ አሁን የሚያገኘው ቤንዚን በዝቷል ወይስ አንሷል? ጋራዥ ውስጥ መልሱ የሚፈለገው በጆሮና በካንዴላ ቀለም ነው። ካንዴላው ከጠቆረ ቤንዚን በዝቷል፣ ከነጣ አንሷል፣ ቡኒ ከሆነ ደህና ነው። ይህ ዘዴ ዛሬም ይሠራል። ግን ካንዴላ የሚነግርህ ያለፈውን ነው። ጭነት ይዘህ ዳገት ላይ ቤንዚን እስከ መጨረሻው ስትረግጥ፣ በዚያች ቅጽበት ሞተሩ ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ አይነግርህም።

መኪናዬ ባለ 22 አር ሞተር የድሮ ሃይሉክስ ነች። 2.4 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር፣ ኢንጀክሽን የሌላት። የፋብሪካው ካርቡሬተር ወጥቶ ዌበር 32/36 ገብቶላታል። የጭስ ማኒፎልዱም ወደ ሄደር ተቀይሯል (የየሲሊንደሩ ጭስ በየራሱ ቱቦ መጥቶ የሚገናኝበት ነው)፣ የአየር ማጣሪያውም ሰፋ ያለ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ካገደ ወዲህ፣ እጃችን ላይ ያለውን ሞተር በወጉ መያዝ ለብዙዎቻችን ምርጫ መሆኑ ቀርቷል። እኔም ጉልበት ብፈልግም ፒስተን የሚያቃጥል ጉልበት አልፈልግም። ዋይድባንድ የሚባለውን ጌጅ ከአሜሪካ ያስመጣሁት ለዚህ ነው።

ዕቃው 52 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ጌጅ፣ ሽቦና ሴንሰር ነው። እዚያ ወደ 200 ዶላር ገደማ ይሸጣል። የጌጁን ብራንድ አልጠቅስም፤ ሥራውን የሚሠራው ጭስ ቱቦው ላይ የሚታሰረው ሴንሰር ነውና። አብዛኞቹ አዳዲስ ጌጆች የሚጠቀሙት ያንኑ የቦሽ ኤልኤስዩ 4.9 ሴንሰር ነው። ኢንጀክሽን መኪኖች ላይ ከምናውቀው ተራ ኦክስጅን ሴንሰር ይለያል። ተራው የሚናገረው «በዝቷል» ወይም «አንሷል» ብቻ ነው። ይሄኛው ግን በምን ያህል እንደሆነ በቁጥር ያሳያል።

ቁጥሩን ማንበብ ቀላል ነው። 14.7 ማለት ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ነው፤ ሁለቱም ሳይተርፉ የሚቃጠሉበት ልክ ማለት ነው። ሜዳ ላይ ቀስ ብሎ ለሚሄድ መኪና 14 እና ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለው ጥሩ ነው። ቤንዚን ስትረግጥ ግን ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን የሚሰጠው ከ12.5 እስከ 13 ባለው ውስጥ ነው። ቱርቦ ላለው ደግሞ ወደ 11.5 ይወርዳል። በሙሉ ጉልበት እየሳብክ ቁጥሩ 14 ላይ ከታየህ እግርህን አንሳ። ሞተሩ ይግላል፣ ማንኳኳት ይጀምራል፣ ከቀጠለም ፒስተኑን ይበላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ካርቡሬተር ደግሞ ይህን አያውቅም። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ለዝቅተኛ ቦታ የተሠራ ካርቡሬተር አዲስ አበባ ላይ ከአሥር በመቶ በላይ ትርፍ ቤንዚን ይሰጣል። ዌበሩ 140 ቁጥር ጂግለር (ቤንዚኑ የሚያልፍበት ባለቀዳዳ ትንሽ ብሎን፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይጠባል) ይዞ ሲመጣ ጌጁ በሙሉ ጉልበት ከ11 ብዙም ያልራቀ ቁጥር ያሳየኝ ነበር። ጭሱ ይሸታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ቤንዚኑ ያልቃል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ትርፉ ቤንዚን የሲሊንደሩን ዘይት እያጠበ ወደ ታች መውረዱ ነው።

ጂግለሩን ወደ 130 አወረድነው። ቁጥሩ 12.7 ገባ። መኪናዋ ሌላ መኪና ሆነች ብል ማጋነን አይደለም። የእንጦጦን ዳገት ድሮ በማትወጣው ማርሽ ወጣች። መካኒኬ ሥራው እዚህ አለቀ አለ። ለአዲስ አበባ እውነቱን ነው።

እኔ ግን ወደ አፋር ስለምመላለስ ትርፍ ጂግለሮች ይዤ ወረድኩ። በአዳማ በኩል ስትወርድ ጌጁ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይሄዳል። አዳማ 1,700 ሜትር አካባቢ ነች። አዋሽ ስትደርስ 1,000 ሜትር ገደማ ትሆናለህ። አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም አብሮ ይጨምራል። አዋሽ ላይ ጭነት ይዤ ስረግጥ ያው 130 ጂግለር 13.5 አሳየኝ። ሰመራ ከ500 ሜትር በታች ናት፤ በዚያው ጂግለር ብቀጥል ቁጥሩ 14ን ሊጠጋ ነው። ልብ በሉ። ሞተሩ በጣም በሚሞቅበት፣ ጭነቱ በሚከብድበት፣ መንገዱም ረጅም በሆነበት ቦታ ነው ቤንዚኑ የሚያንሰው። ድምፁ ደግሞ ምንም አይልም፤ እንዲያውም መኪናዋ ቀለል ብላ ትሄዳለች። በጆሮ ይህን ማወቅ አይቻልም።

አዋሽ ላይ 135 ገባ። እዚያ 12.5 ሆነ። አዲስ አበባ ስመለስ 12 ገደማ ያሳያል፤ ቤንዚኑ ትንሽ በዛ ያለ ነው፣ ያቺ የእንጦጦ ቅልጥፍናም በመጠኑ ቀንሳለች። እኔ ግን ከዚያ በኋላ አልነካሁትም። ከተማ ውስጥ ትንሽ ቤንዚን ማቃጠል ይሻለኛል፣ በረሃ ላይ ሞተር ከማውረድ። ከፍታና ቆላ የሚመላለስ ሰው መኪናውን ማስተካከል ያለበት ለሚደርስበት ዝቅተኛ ቦታ ነው፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር እከራከራለሁ። ታይሚንጉንም (ካንዴላው የሚተኩስበትን ቅጽበት) እንዲሁ ለቆላው ትንሽ ወደ ኋላ መልሰነዋል። ሳስቶ የሚገባ አየር የሚታገሰውን ታይሚንግ የወፈረና የጋለ አየር አይታገሰውም።

ጌጁ የሚያሳስትባቸው ቦታዎችም አሉ። ሴንሰሩ የሚለካው ጭሱ ውስጥ የተረፈውን ኦክስጅን እንጂ ቤንዚኑን አይደለም። አንድ ካንዴላ ሳይተኩስ ሲቀር ያልተቃጠለው አየር እንዳለ ይወጣል፣ ጌጁም «ቤንዚን አንሷል» ይላል። ያንን አምነህ ቤንዚን ብትጨምር ችግሩን ታባብሳለህ። ከሴንሰሩ በፊት የማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን ካፈሰሰም ያው ነው፤ በተለይ ሚኒሞ ላይ (ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር) የውጭ አየር ይስብና ቁጥሩን ወደ ላይ ይጎትተዋል። የአራቱንም ሲሊንደር አማካይ ስለሚያሳይ አንዱ ብቻውን ቢራብ ላታየው ትችላለህ። ስለዚህ እኔ አሁንም ካንዴላ አወጣለሁ።

ገጠማው ላይ የብየዳ ሥራ አለ። ሴንሰሩ የሚታሰርበት ዳዶ ቱቦው ላይ ይበየዳል። ከላይ በኩል መሆን አለበት፤ በሰዓት ቆጣሪ ብናስበው ከ10 እስከ 2 ባለው መካከል። ከታች ከሆነ ጠዋት ቱቦው ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ የጋለውን ሴራሚክ ይሰነጥቀዋል። ለሄደር ደግሞ አራቱ ቱቦዎች ከተገናኙ በኋላ ነው ቦታው። ኤሌክትሪኩን ከቁልፉ ጋር አያይዙት። ሞተሩ እየሠራ ሴንሰሩ በኤሌክትሪኩ ካልሞቀ ጥላሸት ይይዘውና ይሞታል። አንዳንዱ ሰው ጌጁን ያጠፋና ሴንሰሩን ቱቦው ላይ ይተወዋል። ይህ ሴንሰር መግደል ነው።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። ማታ መብራቱ ዓይን ይወጋል፣ በመንገድ መብራት በሌለው አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለተኛው ሴንሰሩ ያልቃል። ዕድሜውን የሚያሳጥረው ቤንዚን በጣም የበዛበት ድብልቅና ዘይት የሚበላ ሞተር ነው። ሶማሌ ተራ ብትሄዱ ያገለገለ ታገኙ ይሆናል፣ ግን ያገለገለ ሴንሰር በምን ታምኑታላችሁ? የተሳሳተ ቁጥር ከምንም ቁጥር የባሰ ነው። ጌጁን ስታስመጡ ትርፍ ሴንሰር አብራችሁ አስመጡ፤ ዋጋው ከጌጁ ግማሽ አይበልጥም።

ካርቡሬተሩ ያልተነካ፣ ከከተማ የማይወጣ መኪና ያለው ሰው ይህን ሁሉ ወጪ ማውጣት የለበትም። ጥሩ መካኒክና ንጹሕ ካንዴላ ይበቃዋል። ካርቡሬተር ወይም ሄደር ለቀየረ፣ ጭነት ይዞ ቆላ ለሚወርድ ግን ከሄደሩም ከዌበሩም በፊት ቢገዛው እላለሁ። ጂግለሮቹን ከ130 እስከ 140 ይዛችሁ ውረዱ፤ የካርቡሬተሩን ክዳን መፍቻ ዊንዲቨር አትርሱ።