ተውላጠ ስም የገባኝ ማታ ክፍል ነው

ሰፈራችን ባለው የእንግሊዝኛ ማታ ክፍል ሁለት ወር ተማርኩ። በአማርኛ «መጣ» ካልን በቃ፤ ማን እንደመጣ ግሱ ይናገራል። በእንግሊዝኛ ግን «ሂ» (እሱ) ወይም ስሙ የግድ መቅደም አለበት። ለዓመታት የምስተው ይሄን ነበር።

አንድ ምሽት መምህሯ እስክሪብቶዋን ከፍ አድርጋ «ማይ ፔን» (የእኔ እስክሪብቶ) አለች። ከዚያ ደረቷ ላይ ለጠፍ አደረገችውና «ማይን» (የእኔ)። «ማይ» ስም ይከተለዋል፣ «ማይን» ብቻውን ይቆማል። ከዚያ ወዲህ አልተምታታብኝም። «ኸር» «የእሷ»ም «እሷን»ም እንደሚሆን ደጋግማ አሳየችን።

ቅር ያለኝ «ማይሰልፍ»ን በአንድ ምሽት ማለፋቸው ነው። «ራሴን» ለማለትም «እኔው ራሴ» ለማለትም ያው ቃል ስለሆነ ጊዜ ይፈልግ ነበር። ክፍሉም ይጠባል። ቢሆንም እህቴን ለቀጣዩ ዙር አስመዝግቤያታለሁ።