የቪክቶሪያ ዘመን የሕንፃ ጌጥ ንድፎች በባሕር ዳር ህትመት
ባሕር ዳር ውስጥ አንድ የህትመትና የፍሬም ቤት በቪክቶሪያ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1837–1901) እንግሊዝ ውስጥ በብዕርና በጥቁር ቀለም የተሠሩ የሕንፃ ቅርጻ ቅርጽ ንድፎችን በኤ3 መጠን እያተመ ይሸጣል። ስብስቡ በአብዛኛው የዓምድ ራሶችንና በድንጋይ የተፈለፈሉ የአካንተስ (በጥንታዊ ሕንፃዎች ላይ በብዛት የሚቀረጽ፣ ጠርዙ የተሰነጣጠቀ ቅጠል ያለው ተክል) እና የወይን ቅጠሎችን የያዘ ነው። ለሳሎን ጌጥ የሚፈልጋቸው ሰው በምርጫው አይከፋም፤ እኔ ግን የመዘንኳቸው አንድ የእንጨት ቅርጽ ባለሙያ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ እያየ ሊሠራባቸው ይችላል ወይ በሚል ነው።

እንዲህ ያለው ንድፍ ግራጫ የለውም። ሠዓሊው ብርሃኑ ከላይ ከግራ በ45 ዲግሪ እንደሚወርድ ቆጥሮ ጥላ የሚያርፍበትን ጎን በተጠጋጉ መስመሮች ይሞላል፤ ብርሃን የሚያገኘውን ጠርዝ ደግሞ ባዶ ይተወዋል። የጣና ሐይቁን የኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ሥዕሎች እያየ ያደገ ዓይን ቅርጽን በደማቅ የዳር መስመር መለየት ስለለመደ፣ እነዚህ ንድፎች በመጀመሪያ እይታ የተዝረከረኩ ይመስሉታል። ቅጠሉ ከድንጋዩ ምን ያህል እንደወጣ የሚናገረው ግን በመስመሮቹ መካከል ያለው ነጭ ክፍተት ነው፤ ክፍተቱ ከተደፈነ ጥላው እድፍ ይሆናል፣ የመሮውም ጥልቀት አይነበብም። በዘመኑ ንድፍን ለመጽሔት ለማብቃት ሌላ ባለሙያ በእንጨት ላይ እንደገና መቅረጽ ነበረበት፤ ፎቶሊቶግራፊ (ንድፍን በፎቶግራፍ ወደ ማተሚያ ሰሌዳ የማሻገር ዘዴ) የሠዓሊውን መስመር እንዳለ ማስተላለፍ ሲችል ግን ንጹሕ ጥቁር መስመር በአርክቴክቶች ዘንድ ይበልጥ ተፈላጊ ሆነ። እንግሊዛዊው የሥነ ጥበብ ሐያሲ ጆን ረስኪንማ እ.ኤ.አ. በ1849 ላወጣው የሥነ ሕንፃ መጽሐፍ የሥዕሎቹን ማተሚያ ሰሌዳዎች ራሱ እስከ መቅረጽ ደርሷል።

በዚህ መለኪያ በማያብለጨልጭ ወፍራም ወረቀት ላይ የታተሙት ያለማመንታት የሚገዙ ናቸው፤ የአካንተሱ እጥፋቶች ውስጥ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ሳይቀሩ ተለይተው ይታያሉ። በካንቫስ ጨርቅ ላይ የታተመው በአንጻሩ፣ ዋጋው ከፍ ያለ ቢሆንም፣ የጨርቁ ሽመና ከመስመሮቹ ጋር ስለሚጋጭ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከወረቀቶቹም መካከል ከደካማ ቅጂ የታተሙ ስላሉ፣ ገዢው ከመክፈሉ በፊት የጥላውን ክፍል ቀረብ ብሎ ቢመለከት ይሻላል። ፍሬም የሚያሠራም ሰው ክረምት ላይ የሐይቁ እርጥበት ወረቀቱን እንዳያጣምመው ጠንካራ ካርቶን ከጀርባ እንዲደረግለት፣ መስተዋቱም ከህትመቱ ጥቂት ርቆ እንዲቀመጥ አስቀድሞ ይንገር፤ ቤቱ ሳይጠየቅ ይህን አያደርግም።