ለድባቴ የትኛው የንግግር ሕክምና ይሻላል? ሲቢቲ፣ ቢሄቪየራል አክቲቬሽን፣ አይፒቲና ሌሎቹ

ድባቴ ያደከመው ሰው ሕክምና ልጀምር ሲል መጀመሪያ የሚገጥመው የስም ጋጋታ ነው። ብዙ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ግን በደንብ የተፈተኑት የንግግር ሕክምናዎች በውጤት ብዙም አይራራቁም። ስለዚህ "የቱ ይበልጣል?" ከማለት "እኔን ድባቴው የያዘኝ በየት በኩል ነው?" ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ከምርጫው በፊት አንድ ነገር። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ማወዳደሩ ይቆይ። ዛሬውኑ ለቅርብ ሰው ተናግሮ ወደ ድንገተኛ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።

ሐሳቡ እረፍት ለነሳው፦ ሲቢቲ

አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያዳበረው፣ ሐሳብንና ድርጊትን መርምሮ በመለወጥ ላይ የሚሠራ ዘዴ ነው። ለጓደኛዎ ደውለው አላነሳም እንበል። "ሰልችቼዋለሁ" የሚል ሐሳብ ብልጭ ይላል። ሐሳቡን ወረቀት ላይ ያሰፍራሉ፤ ምን ያህል እንደሚያምኑት ከመቶ ይሰጡታል። ከዚያ የሚደግፈውንም የሚቃወመውንም ማስረጃ ጽፈው እንደገና ይመዝኑታል። ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 20 ቀጠሮ ይወስዳል። የቤት ሥራ አለው፤ መጻፍ ለማይወድ ሰው ሊከብድ ይችላል።

ከአልጋ መነሳት ላቃተው፦ ቢሄቪየራል አክቲቬሽን

እኔን ብትጠይቁኝ የሚገባውን ያህል ያልተወራለት ይሄ ነው። ድባቴ ሲይዝ ሰው ከሚወደው ነገር ይሸሻል። መሸሹ ደግሞ ድባቴውን ያከብደዋል። ይህ ሕክምና ክቡን የሚሰብረው ከድርጊት በኩል ነው፤ ስሜቱ እስኪመጣ አይጠብቅም። መጀመሪያ ለሳምንት ያህል በየሰዓቱ ምን እንደሠሩና ስሜትዎ ከ10 ስንት እንደነበር ይመዘግባሉ። ቀለል ያለዎት መቼ እንደነበር ከዚያ ይታያል። ቀጥሎ በጣም ትንሽ ነገር ቀንና ሰዓት ተቆርጦለት ይያዛል። "ቤቱን አጸዳለሁ" ይበዛል፤ "ማክሰኞ በ4 ሰዓት ሦስት ሰሃን አጥባለሁ" ይበቃል።

እንግሊዝ ውስጥ 440 አዋቂዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ቢሄቪየራል አክቲቬሽን ከሲቢቲ እንደማያንስ አሳይቷል። የሰጡት ደግሞ እንደ ሲቢቲ ቴራፒስቶቹ ረጅም ሥልጠና ያልወሰዱ ባለሙያዎች ነበሩ። የሠለጠነ ሳይኮቴራፒስት እንደ ልብ በማይገኝበት ቦታ ይህ ትልቅ ዜና ነው።

ነገሩ ከሰው ጋር ለተያያዘበት፦ አይፒቲ

ድባቴው የመጣው ከሐዘን፣ ከትዳር ወይም ከቤተሰብ ጠብ፣ አለዚያም እንደ ፍቺና ጡረታ ካለ የኑሮ ለውጥ በኋላ ከሆነ ይህ ይስማማል። ከሰው ጋር ባለ ግንኙነት ላይ ያተኩራል። አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ጄራልድ ክለርማንና ሚርና ዋይስማን ያዳበሩት ሲሆን ከ12 እስከ 16 ሳምንት ይፈጃል። እዚህ ሐሳብ በወረቀት አይመረመርም። ያ ንግግር እንዴት ወደ ጠብ ተለወጠ? በሌላ መንገድ ቢነገርስ? እያሉ ከቴራፒስቱ ጋር ይለማመዱታል።

ሌሎቹ ባጭሩ

ኤምቢሲቲ ማይንድፉልነስን (ትኩረትን አሁን ባለው ቅጽበት ላይ የማሳረፍ ልምምድን) ከሲቢቲ ጋር ያዋሕዳል፤ 8 ሳምንት በቡድን ይሰጣል። በተለይ የሚጠቅመው ድባቴው ደጋግሞ ለተመላለሰበትና አሁን ለተሻለው ሰው ነው፣ እንዳያገረሽ። ሳይኮዳይናሚክ (ያለፈ ሕይወትና ያልተስተዋለ ስሜት የአሁኑን እንዴት እንደሚነካ የሚመረምር ሕክምና) ከልጅነት ጀምሮ የሚደጋገም የግንኙነት ችግር ላለበት ይመጥናል።

መድኃኒትስ?

ቀላል ለሆነ ድባቴ ብዙ ጊዜ የንግግር ሕክምና ብቻውን ይበቃል። ሲከብድ ግን ሁለቱን አጣምሮ መውሰድ አንዱን ብቻ ከመውሰድ የተሻለ ውጤት አለው። መድኃኒቱ ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳል፤ ሐኪም ሳያማክሩ ድንገት ማቋረጥም አይገባም።

ቴራፒስት ሲያገኙ በየትኛው ዘዴ እንደሚሠሩና ለውጡን በምን እንደሚለኩ ሳያፍሩ ይጠይቁ። የድባቴን ክብደት የሚለካው ፒኤችኪው 9 የሚባለው መጠይቅ ዘጠኝ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 27 ይደርሳል፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል ድባቴው ከብዷል ማለት ነው። በመጀመሪያው ቀን ይሙሉት፣ በየጥቂት ሳምንቱም ይድገሙት። ከስድስት እስከ ስምንት ቀጠሮ በኋላ ቁጥሩ ካልወረደ ለቴራፒስቱ ይንገሩ፤ ዘዴውን መቀየር ወይም መድኃኒት መጨመር ያን ጊዜ ይነሳል።