ለእድሳት የሚመረጥ ፒንቦል፦ ባለ ሪሌዩ ወይስ ኤሌክትሮኒኩ?

አሮጌ የፒንቦል ማሽን (የብረት ኳስ በዘንጎች እየተመታ ነጥብ የሚሰበሰብበት መጫወቻ) ገዝቶ ለማደስ የሚሻ ሰው በሪሌይ (በኤሌክትሪክ በሚከፈትና በሚዘጋ ማብሪያ) እና በሞተር ከሚሠራው ቀደምት ዓይነትና እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ከተስፋፋው ባለ ማይክሮፕሮሰሰር (በኮምፒውተር ቺፕ የሚመራ) ኤሌክትሮኒክ ዓይነት አንዱን መምረጥ ይኖርበታል።

በቀደምቱ ማሽን ነጥብ በአብዛኛው የሚታየው ቁጥር በታተመባቸው ተሽከርካሪ ከበሮዎች ሲሆን፣ የጨዋታው ሕግ በሙሉ የሚፈጸመው በሚከፈቱና በሚዘጉ የብረት ንክኪዎች ነው፤ በመሆኑም ብልሽቱ ብዙውን ጊዜ በዓይን ስለሚታይ፣ የሽቦውን ንድፍ እየተከተለ የቆሸሸውን ንክኪ የሚያጸዳና የደረቀውን ቅባት የሚጠርግ ትዕግሥተኛ ሰው ያለ ውድ መሣሪያ ሊያስነሳው ይችላል። ይሁን እንጂ ንክኪዎቹ እጅግ ብዙ ናቸው፤ የአንዱ ክፍተት በጥቂቱ ቢዛነፍ ጨዋታው ሊቆም ይችላል። ንድፉ የጠፋበትን ማሽን (ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ) ለጀማሪ አልመክርም።

የኤሌክትሮኒኩ ዋነኛ ጠላት ማሽኑ ሲጠፋ መረጃው እንዳይሰረዝ ቦርዱ (የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎቹ የተገጠሙበት ገበታ) ላይ የተገጠመው ባትሪ ነው፤ ሲያረጅ የሚያፈሰው ኬሚካል የመዳብ መስመሮቹን እየበላ ቦርዱን ከጥቅም ውጭ ሊያደርገው ስለሚችል፣ ከግዢ በፊት መጀመሪያ መታየት ያለበት እሱ ነው። በአንጻሩ ብዙዎቹ ማሽኖች መብራትን፣ ማብሪያን እና ኮይልን (በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚሆን የሽቦ ጥቅል) በየተራ የሚፈትሽ ፕሮግራም አላቸው፤ ለታዋቂዎቹ ሞዴሎችም አዲስ ምትክ ቦርድ ይገኛል። መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) እና ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችን የመበየድ ልምድ ላለው ሰው ይህኛው ሥራውን ያፋጥንለታል።

በሁለቱም ዘንድ ግን የመጫወቻው ሰሌዳ ቀለም ከተላጠ፣ ሥዕሉን መመለስ ከማናቸውም የኤሌክትሪክ ጥገና ይልቅ አድካሚ ነው።