ስቶክፊሽ የቼዝ ሞተር፦ በጥልቀት ሳይሆን በሰዓት እዘዙት

ባሕር ዳር ፖሊ ካምፓስ ተቀምጦ የራሱን የቼዝ ሞተር (እርምጃ የሚያሰላ ፕሮግራም) ለሚጽፍ ተማሪም ሆነ ጣና ዳር የተጫወተውን ማታ ላፕቶፑ ላይ ለሚመረምር ሰው ከስቶክፊሽ የተሻለ መምህር አናውቅም። እ.ኤ.አ. በ2008 ግላውሩንግ ከተባለ ቀዳሚ ሞተር ኮድ ተነሥቶ የወጣ፣ በነፃ የሚገኝና ኮዱ ክፍት የሆነ ሞተር ነው። አንዴ ካወረዳችሁት ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ኔትዎርክ በሚጠፋ ቀን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሰሌዳ ግን የለውም፤ ሰሌዳ የሚያሳይ ሌላ ፕሮግራም ለብቻ መጫን አለባችሁ።

ስታወርዱ ተጠንቀቁ። ኤቪኤክስ 2 የሚለው ፋይል እ.ኤ.አ. ከ2013 በፊት በተሠራ ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ ገና ሲከፈት ይዘጋል፤ ፕሮሰሰሩ ትእዛዙን አያውቀውም። ለቆየ ማሽን የተዘጋጀውን ፋይል ውሰዱ፤ ቢዘገይም ይሠራል።

የሞተሩ ውበት አፈላለጉ ነው። በቀጥታ ወደ ጥልቀት 20 (የሁለቱም ወገን ተቆጥሮ 20 እርምጃ ወደ ፊት ማየት) አይዘልም፤ 1ን ይጨርሳል፣ 2ን ይጀምራል፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። ድካም የሚደጋግም ይመስላል፤ ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። በአንድ አቀማመጥ በአማካይ 35 እርምጃ አለ ብንል፣ ጥልቀት 4 ላይ 1,500,625 ቅጠሎች (የፍለጋው መጨረሻ አቀማመጦች) ይኖራሉ። ከ1 እስከ 3 ያሉት ተደምረው 44,135 ናቸው፤ 3 በመቶ እንኳ አይሞሉም። በዚህ ትንሽ ዋጋ የሚገዛው የእርምጃዎች ቅደም ተከተል ነው። ባለፈው ዙር የበለጠው እርምጃ በሚቀጥለው ዙር መጀመሪያ ይታያል፤ ቅደም ተከተሉ ፍጹም ቢሆን አልፋ ቤታ የሚባለው፣ የማይጠቅሙ ቅርንጫፎችን የሚቆርጥ ዘዴ ያንኑ ጥልቀት 4 በ2,449 ቅጠል ይጨርሰዋል። ከሚሊዮን ወደ ሁለት ሺህ!

ይህን ቅደም ተከተል ከዙር ወደ ዙር የሚያሻግረው ሀሽ የሚባለው ማስታወሻ ነው። ሳይነካ የሚመጣው 16 ሜጋባይት ለረጅም ምርመራ አይበቃም። 4 ጊጋባይት ራም ላለው 512፣ 8 ላለው 1024 ስጡት። ከራሙ በላይ ከሰጣችሁት ማሽኑ ወደ ዲስክ መጻፍ ይጀምርና ሁሉም ነገር ይንቀራፈፋል። ሀሽፉል የሚለው ቁጥር 1000 ከደረሰ ማስታወሻው ሞልቷል ማለት ነው።

ዋናው ቅሬታችን በጥልቀት ቁጥሩ ላይ ነው። ስቶክፊሽ ደካማ የመሰሉትን ቅርንጫፎች አሳጥሮ ስለሚያይ የእሱ 25 ከሌላ ሞተር 25 ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ ሙቭታይም በሚለው ትእዛዝ 10000 ብላችሁ 10 ሰከንድ ስጡት፤ ቁጥሩ የሚሊሰከንድ ነው። በሚያዝያ ሙቀት ግን ላፕቶፑ ሲግል ፍጥነቱን ስለሚቀንስ በዚያው 10 ሰከንድ የሚደርስበት ጥልቀት ያንሳል። ከፕሮሰሰሩ ኮሮች (የሥራ ክፍሎች) አንዱን ለሌላው ሥራ መተው ይሻላል። የራሳችሁን ኮድ ስታነጻጽሩ ደግሞ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ ስሌት) 1 አድርጋችሁ በጥልቀት እዘዙት፤ ከአንድ በላይ ትሬድ ሲኖር ውጤቱ በየጊዜው ይለያያል።

በራሳችሁ ሞተር ውስጥ ሰዓቱን በየቅጠሉ አትፈትሹ፤ በየ2048ቱ ይበቃል። ሰዓት ሲያልቅ ዙሩ መሐል ላይ ይቋረጣል። የተቋረጠው ፍለጋ የሰጠውን ነጥብ ሀሽ ውስጥ ከጻፋችሁ ሞተሩ በሚቀጥለው እርምጃ ያንን ውሸት አምኖ ንግሥቱን በነፃ ሊሰጥ ይችላል። ሀሽ ውስጥ ከመጻፋችሁ በፊት የማቋረጫ ምልክቱን ፈትሹ፣ ካለ ምንም ሳትጽፉ ተመለሱ፣ ያለፈውን ሙሉ ዙር እርምጃ ተጫወቱ።