አሮጌዋ ሃይሉክስ ከ14 ወር በኋላ

ያረጀ ዕቃ አያስፈራኝም። «ተጠግኗል» የተባለ ዕቃ ግን አሁን አሁን ያስፈራኛል።

ከ14 ወር በፊት እ.ኤ.አ. የ1992 ሞዴል ቶዮታ ሃይሉክስ ገዛሁ። ደብል ጋቢና፣ ናፍታ፣ ፎር ዊል። የገዛኋት ርካሽ ስለነበረች ነው፤ ሌላ ምክንያት አልፈጥርም። ከዚያ ወዲህ 18,000 ኪሎ ሜትር ነድቻታለሁ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ወራት ግን ከመሪው ኋላ ይልቅ ከሥሯ ተጋድሜ ነው ያሳለፍኩት።

ሞተሯ 3ኤል የሚባለው ነው። አራት ሲሊንደር፣ 2,779 ሲሲ፣ ቱርቦ የለውም። ጉልበቱ 90 ፈረስ ገደማ ስለሆነ ዳገት ላይ ትንንሽ የቤት መኪኖች ጥለዋችሁ ይሄዳሉ፤ መልመድ ነው። ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለበትም። ኮፈኑን ከፍታችሁ የትኛው ቱቦ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ በዓይን መከተል ትችላላችሁ። እንደኔ መካኒክ ላልሆነ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ ከእኔ በፊትም ብዙ ሰው ኮፈኑን መክፈቱ ነው።

ነገሩን የጀመረው ዳሽቦርዱ ነው። ሞተር ሳይነሳ ቁልፉን ስታዞሩ የማስጠንቀቂያ መብራቶቹ ለአፍታ መብራት አለባቸው። የዘይት፣ የባትሪ፣ የፍሬን። በእኔዋ ላይ አንዱ ጭራሽ አይበራም፤ «ቲ ቤልት» የሚለው። የታይሚንግ ቺንጋው፣ ማለትም የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ የሚያቀናጀው ቀበቶ፣ መቀየሪያው ሲደርስ የሚበራው ማለት ነው። አምፑሉ ተቃጥሎ ይሆናል ብዬ ዳሽቦርዱን ፈታሁት። አልተቃጠለም። የለም! አንዱ መብራቱ ሲያሰለቸው አምፑሉን ነቅሎ ባዶ መያዣውን ቦታው መልሶታል። ያውም በጥንቃቄ።

በማግስቱ የቺንጋውን ክዳን ከፈትኩ። የጥርሶቹ ሥር ተሰነጣጥቋል። ጠርዙ ተተልትሎ፣ በጣቴ ጠምዘዝ ሳደርገው ክሩ ተከትሎኝ መጣ። አንድ በኩሉ ደግሞ በዘይት ርሷል። እንዲህ ያለ ቺንጋ መንገድ ላይ ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይላተማሉ፤ ሞተሩን ደህና ሁን ማለት ነው። በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየር ይባላል፤ ይኸኛው ስንት እንደሄደ ፈጣሪ ይወቀው። ቺንጋውን፣ መወጠሪያውንና ዘይት ያንጠባጥብ የነበረውን ፓራዮሊ (ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋውን ጎማ) አንድ ላይ ቀየርኩ። ቺንጋ ብቻ ቀይሮ የሚያፈሰውን ፓራዮሊ መተው አዲሱንም በዘይት ማስበላት ነው። አምፑሉንም ገዝቼ መለስኩ። ከሁሉም ዕቃ የረከሰው እሱ ነበር።

ቀጥሎ ሙቀቱ መጣ። ጠዋት ጠዋት የሙቀት መለኪያው ለረጅም ጊዜ ታች ይቀራል፤ ረጅም ዳገት ላይ ደግሞ ሽቅብ ይሄዳል። ግራ የሚያጋባ ነው፤ አንድ መኪና እንዴት ሁለቱንም ይሆናል? የቴርሞስታቱን ቤት ስከፍተው ውስጡ ባዶ ነው። «ያሞቃል፣ አውጣው» የሚለው ምክር ሰለባ ናት። ቴርሞስታት ውሃው 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይከፈትና ወደ ራዲያተሩ ይለቀዋል። ብዙዎቹ ሌላም ሥራ አላቸው፤ ሲከፈቱ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ የሚመለስበትን መንገድ ይዘጋሉ። ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀራል። ከትኩሱ ውሃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ሞተሩ ውስጥ ይዞራል ማለት ነው። አዲስ ቴርሞስታት ገጠምኩ፣ ራዲያተሩን አሳጠብኩ፣ ደርቀው የጠነከሩትን የውሃ ጎማዎች ቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ የመለኪያው ቀስት ከመሃል ንቅንቅ ብሎ አያውቅም።

ዋናው ጉድ ግን ፍሬኑ ላይ ነበር። አንድ ቀን ዝናብ ዘንቦ አፈር መንገድ ላይ ፍሬን ስይዝ ኋላዋ ወደ ጎን ወጣ። ባዶዋን ናት፣ ፍጥነትም አልነበረኝም። የፊቱ ዲስክ ነው፣ የኋላው ታምቡር። ሸራውንም ታምቡሩንም አየሁ፤ ደህና ናቸው። ከሥር ገብቼ ስፈልግ ከኋላ አክስሉ በላይ ያለችውን ቫልቭ አገኘኋት። ይህቺ ቫልቭ በቀጭን ዘንግ ከአክስሉ ጋር ትያያዛለች። ካሶኒው (የኋላው የጭነት ቦታ) ሲጫን መኪናው ወደ ታች ይቀመጣል፣ ዘንጓ ቫልቯን ትገፋለች፣ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው የፍሬን ግፊት ይጨምራል። ባዶ ሲሆን ግፊቱ ይቀንሳል፣ ኋላው እንዳይቆለፍ። በእኔዋ ላይ ዘንጓ ተፈትታ፣ ወደ ላይ ተስባ፣ በሽቦ ሻንሲው ላይ ታስራለች። ቫልቯ ዘላለም ሙሉ ጭነት እንደተጫነ ነው የምታስበው።

ለምን ታሰረች? ይህን ለማወቅ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ብዙ ለመጫን ተብሎ በግራም በቀኝም አንድ አንድ ባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከመው ተጣጣፊ ብረት) ተጨምሯል። መኪናዋ ከፍ አለች። ከፍ ስትል ቫልቯ ሁሌ «ባዶ ነን» ብላ ለኋላ ጎማ ግፊት ቀነሰች። ጭነው ሲነዱ ፍሬኑ ደከመባቸው። መፍትሔው? ሽቦ! አንዱ ጥገና ሌላውን ጥገና ወለደ። የተጨመሩትን ባሌስትራዎች አወጣሁ፣ ዘንጓን ቦታዋ መለስኩ፣ የፍሬን ዘይቱን አስለወጥኩ። አሁን ቀጥ ብላ ትቆማለች። ባዶዋን ስትሄድ እንደ እንቁራሪት መዝለሏም አብሮ ቀረ።

ኤሌክትሪኩን ዘርዝሬ አላሰለቻችሁም። በፕላስተር የተጠቀለለ ሽቦ ባያችሁ ቁጥር ፍቱት፣ በስነ ሥርዓት አገናኙት፣ ቀጥሉ።

ዝገት ግን አይታለፍም። ሻንሲውን በትንሽ መዶሻ ከፊት እስከ ኋላ እየቆረቆርኩ ሄድኩ። ጤነኛ ብረት ይጮሃል። የበሰበሰ ብረት ድምፁ ይታፈናል። የኋላ ባሌስትራው መስቀያ አጠገብ ድምፁ ታፈነ፤ ቀለሙን ስፍቀው መዶሻው ትንሽ ሰመጠ። እዚያ ብረት ቆርጠን በየድን። ስፖርቴሎው (በሩ) ሥር ደግሞ ስቱኮ ሞልተው ቀለም ቀብተውታል፤ ማግኔት ሳስጠጋ አልይዝም አለኝ። ስትገዙ ኪሳችሁ ውስጥ ማግኔት ይኑር። ሻጩ ቢስቅባችሁ ይሳቅ።

የራሴንም ጥፋት ልናገር። የናፍታ ፊልትሮ ቀየርኩና መኪናዋ አልነሳም አለች። ባትሪው እስኪደክም ሞተሪኖውን አስጮህኩት። ለካ መስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል። ፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ እስክትጠጥር ድረስ መጫን ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ጠዋት ጠዋት በቀላሉ አለመነሳቷ ግን የካንዴላ (ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ የሚያሞቀው) ችግር ነበር፤ ከአራቱ ሦስቱ ሞተዋል።

አሁን እንዴት ናት? በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ገደማ ትወስዳለች፤ ስገዛት ከ11 በላይ ነበር። ከ90 በላይ ስትነዱ ጋቢናው ውስጥ ማውራት ጩኸት ይሆናል። የኋላ ወንበሩ ጀርባው ቀጥ ያለ ነው፤ ረጅም መንገድ ለሚቀመጥበት ሰው አዝናለሁ። ኤርባግ የላትም። ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስም የላትም። ቤተሰብ ስጭን ይህ ከነገሮች ሁሉ በላይ ያሳስበኛል፤ ማታ ረጅም መንገድ ይዣቸው አልሄድም።

ሌላ መኪና ለሌለውና በየቀኑ ሥራ መድረስ ላለበት ሰው አልመክራትም። የመጀመሪያዎቹ ወራት ቆማ ነው የምትውለው። ሁለተኛ መኪና ላለው፣ እጁን ማቆሸሽ ለማይጠላ ሰው ግን እመክራታለሁ። ስትገዙ ዕድሜዋን ሳይሆን ሽቦ፣ ስቱኮና ሲሊኮን የት የት እንዳለ ቁጠሩ። ያረጀ ዕቃ ይፈታል፣ አዲስ ይገጠማል፣ አለቀ። የተድበሰበሰውን ግን መጀመሪያ መፈለግ አለባችሁ።

ኮፈኑ ውስጥ ወረቀት ለጥፌያለሁ። ቺንጋው የተቀየረበት ኪሎ ሜትር፣ ዘይቱ፣ ፊልትሮው፣ ሁሉም ተጽፎበታል። ከሥሩ በእርሳስ ያልተሠራ አንድ ነገር አለ፦ ፍሪሲዮን። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ዳገት ስወጣ ማንሸራተት ጀምሯል። የሚቀጥለው ወር ሥራ እሱ ነው።