የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፦ በየት መግባት፣ መኪናን የት ማቆም

በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ወደ ተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመኪና የሚሄድ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት፣ ፓርኩ በአንድ በር ገብተው በዚያው የሚወጡበት ግቢ አለመሆኑን ነው። ዋና ጽሕፈት ቤቱ በሰሜን በኩል በዲንሾ ከተማ አጠገብ ሲሆን፣ ቀይ ቀበሮ በብዛት የሚታይበት የሰነቴ አምባ ግን ከሮቤና ከጎባ ባሻገር ነው። ሁለቱ በአንድ ቀን ጉዞ ሊደረስባቸው ቢችሉም ለጎብኚ የሚሰጡት ምቾት እጅግ የተራራቀ ነው።

በእኔ ግምት መኪና አቁሞ ለመጎብኘት ዲንሾን የሚያህል የለም። ከአዲስ አበባ በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርጎ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ ሰው ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ መኪናውን በጽሕፈት ቤቱ ግቢ ካቆመ በኋላ፣ ብዙ ሳይራመድ በጥድና በኮሶ ዛፎች መካከል የሚግጡ የደጋ አጋዘኖችን ያገኛል። እንስሳቱ ሰው ስለለመዱ፣ ግልገሏን ያስከተለች እናት ጆሮዋን አቁማ አንድ ጊዜ ትመለከትና ግጦሿን ትቀጥላለች፤ ከርከሮዎችም በፊት ጉልበቶቻቸው ተንበርክከው ሣሩን ይነጫሉ። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኘውን አጋዘን ለማየት፣ እግሩ የደከመ አዛውንትም ሆነ ልጅ ያዘለች እናት ተራራ መውጣት የማያስፈልጋቸው መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። የመግቢያ ክፍያ የሚፈጸመውና የአካባቢው አስጎብኚ የሚገኘውም እዚሁ ስለሆነ፣ በቀጥታ ወደ ሰነቴ ለመውጣት ያሰበ ሰው እንኳ ዲንሾን ዘሎ ባያልፍ ይሻለዋል፤ ደረሰኙንም እስከ ጉዞው ፍጻሜ መያዝ ይገባዋል። ከአዳባ ወደ ዲንሾ የሚወስደው መንገድ የጋይሳይን ሜዳ አቋርጦ ስለሚያልፍ፣ በማለዳ ወይም በአሥራ አንድ ሰዓት ግድም ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው ከመስኮቱ ብዙ ያያል።

ሰነቴ ሌላ ዓለም ነው። ጎባ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ከዚያ የሚነሣው የጠጠር መንገድ የአስታውን ጫካ አልፎ ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሚገኘው አምባ ይወጣል፤ ከአምባው የሚገነጠለው መንገድ ደግሞ መኪናን እስከ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣ እስከ 4,377 ሜትር ድረስ ያደርሳል። ይሁን እንጂ መንገዱ ለጎብኚ ብቻ የተሠራ ሳይሆን ጎባን ከዶሎ መና ጋር የሚያገናኝ የሕዝብ መንገድ ስለሆነ፣ አውቶቡሱም የጭነት መኪናውም ይመላለስበታል። ቀበሮ ያየ ሹፌር ሁሉ ድንገት ፍሬን ቢይዝ አደጋ ነው። ለማቆም የሚመረጠው ቀጥ ያለ፣ ከፊትም ከኋላም ርቆ የሚታይ ቦታ ሲሆን፣ ጭጋግ ከወረደ ደግሞ አለማቆም ይመረጣል። ከመንገድ ወጥቶ በሣሩ ላይ መንዳት ግን በምንም ምክንያት አይገባም፤ መሬቱ ረግረግ ከመሆኑም በላይ የቀበሮው ዋነኛ ምግብ የሆነው ግዙፉ ፍልፈል ጉድጓዱን የሚቆፍረው እዚያው ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 እንኳ እንደማይሞሉና ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ እንደሚኖሩ የሚያውቅ ሰው፣ ለአንድ ፎቶግራፍ ብሎ መኪናውን ወደ ጉድጓዶቻቸው አይነዳም።

እኛን የወሰደን የኪራይ መኪና ስኮርታ ጎማው ያለቀ ሆኖ የተገኘው አምባው ላይ ስለነበር፣ ከጎባ ሳይነሡ ጎማና ነዳጅ መፈተሽ ግድ መሆኑን አጥብቄ እናገራለሁ። ራስ ምታት የሚያስቸግራቸው ሰዎችም አንድ ሌሊት ጎባ ወይም ሮቤ አድረው ቢወጡ ይቀልላቸዋል። ከአምባው ደቡባዊ ጠርዝ ወደ ሪራ መንደርና ወደ ሐረና ጫካ የሚወርደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት በማርሽ እንጂ በፍሬን ብቻ የሚወረድ አይደለም፤ ውበቱ ግን ለጉዞው ሁሉ ይበቃል።

መኪና የሌለው ጎብኚ በዚህ ሁሉ ይጎዳል። ወደ ዶሎ መና የሚሄደው አውቶቡስ ሰነቴን ቢያቋርጥም ለእንስሳት ብሎ አይቆምም፤ ስለዚህ እስከ ሮቤ በአውሮፕላን ወይም በአውቶቡስ ሄዶ፣ ከሌሎች ተጓዦች ጋር ተጋርቶ ለአንድ ቀን መኪና መከራየት ያዋጣል። ዋጋውንም ሲነጋገሩ ቱሉ ዲምቱና ሪራ መካተታቸውን ከመነሻው ማስረገጥ ያስፈልጋል።